የጋሽ ሃብቶም ምላስ በዋሃካ

ሙዚየም የእግር ጠላት ነው። እንዲህ ስል የተማሩ ወዳጆቼ ያፍሩብኛል። ግን እስቲ እናንተም እውነቱን አውጡት፤ ሙዚየም ገብታችሁ ሦስተኛው ክፍል ላይ ስትደርሱ ዓይናችሁ የሚፈልገው የጥንት ገንቦ ነው ወይስ መቀመጫ? የእኔ መቀመጫ ነው የሚፈልገው። በዚህ ሐሳብ የሚስማማኝ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው፤ እሳቸውም ጋሽ ሃብቶም ናቸው። ጋሽ ሃብቶም ሙዚየምን የሚያወዳድሩት በአግዳሚ ወንበሩ ነው። "ይሄኛው ደህና ነው፤ መደገፊያ አለው" ይላሉ። ውስጡ ያለው ወርቅ ይሁን አጥንት ግድ የላቸውም።

ታዲያ እኔና ጋሽ ሃብቶም ሜክሲኮ ድረስ ሄደን ሙዚየም ለሙዚየም ምን አዞረን? እሱን ልነግራችሁ ነው።

ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሊያንድሮ ውስጥ አንድ ሕንፃ ላይ ነው የምንኖረው። እሳቸው ታች፣ እኔ ላይ። አሥመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኔ ይበልጣል፣ ወደ ትግርኛ የሚሻገሩት ሲናደዱ ብቻ ነው። ኦክላንድ ውስጥ ለብዙ ዘመን ላውንድሪ ነበራቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተብርሃን ሲታመሙ ሸጡት። ወይዘሮ ለተብርሃን ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ እሳቸው ወጥ የሠሩ ቀን ሽታው ደረጃውን ወጥቶ እኔ ቤት ይገባና በራሴ እራት ያሳፍረኝ ነበር።

አንድ ልጅ አለቻቸው፤ ሰላም። ሳን ሆዜ ነው የምትኖረው። ከኮምፒውተር ጋር የተያያዘ ሥራ አላት፤ ብዙ ጊዜ አስረድታኛለች፣ ብዙ ጊዜ ገባኝ ብያለሁ። አማርኛ ትሰማለች። ስትመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ ሲላት አንዳንድ የአማርኛ ቃል ጣል ታደርጋለች። ጥሩ ልጅ ናት። በጣም ጥሩ ልጅ። ይህን የምደጋግመው ወደ ምግቧ ልሄድ ስለሆነ ነው።

እናቷ ካረፉ በኋላ ሰላም እሑድ እሑድ ለአባቷ ምግብ ሠርታ ማምጣት ጀመረች። የእናቷን ምግቦች። ማን አስተማራት? ማንም። እናቷ በሕይወት ሳሉ እሷ የምትማረው ሌላ ነገር ነበር። ስለዚህ ግማሹን ከትዝታ፣ ግማሹን ከስልኳ እያየች ትሠራለች። ጨው ለልብ ጥሩ አይደለም ብላ ትተዋለች። ዘይት ትቀንሳለች። ሽንኩርቱ ሳይበስል ትቸኩላለች። ዝግኒዋን፣ ያን የአሥመራ የሥጋ ወጥ፣ አንድ ቀን ቀምሼዋለሁ። ቀይ ነበር። ስለዚያ ዝግኒ በእርግጠኝነት ልናገር የምችለው ይህን ያህል ነው።

አባቷ ግን ይበሉ ነበር። እሷም ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ "እንዴት ነው?" ትላለች። ይህችን በአማርኛ ነው የምትላት። እሳቸውም "ጥሩ ነው" ይላሉ። በየእሑዱ።

ከዚያ አንድ ሰሞን ኃይለኛ ጉንፋን ያዛቸውና አፋቸው ጣዕም አጣ። ጉንፋኑ ሄደ፤ ጣዕሙ አልተመለሰም። ውሃውም፣ ሎሚውም፣ ሚጥሚጣውም አንድ ሆነብኝ አሉ። እየከሱ መጡ። ሱሪያቸው ከቀበቶው ሥር እንደ መጋረጃ መጨማደድ ጀመረ። ሰላም ደነገጠች። እናቷንም የጀመራቸው እንዲህ ነበራ፤ መጀመሪያ ምግብ አስጠላቸው፣ ከዚያ ከሱ፣ ከዚያ ሌላው ተከተለ። ልጅቷ ይህን አንድ ጊዜ አይታለች። አሁን ደግማ የምታየው መሰላት። ስፔሻሊስት ዘንድ አፖይንትመንት አስያዘች። ራሳቸው በማሽን ታየ። አፍንጫቸው ታየ፣ ምላሳቸው ታየ። ምንም የለም ተባለ። ምንም የለም መባል ለአንዳንድ ሰው እፎይታ ነው፤ ለሰላም ግን የባሰ ፍርሃት ሆነ።

አንድ ቀን ሥራ ላይ ሆኜ ኮል አደረገችልኝ። ለጠፋ ጣዕም ኃይለኛ ቅመምና አዲስ ምግብ ይረዳል የሚል ነገር አንብባለች። ሜክሲኮ ውስጥ ዋሃካ የምትባል ከተማ አለች፤ ሞሌ የሚባል ወጥ ይሠራባታል፣ ያውም በየቀለሙ። በዚያ ላይ ከተማዋ ሙዚየም በሙዚየም ናት፤ ባባ ይዝናናል። ትኬት ቡክ አድርጋለች። የእኔንም ጭምር። "አንቲ ጽጌ፣ አንቺ ስፓኒሽ ትችያለሽ" አለችኝ።

እኔ ስፓኒሽ እችላለሁ? ኦክላንድ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ደም እቀዳለሁ። ከታካሚዎቹ ብዙዎቹ ስፓኒሽ ተናጋሪ ስለሆኑ ለሥራዬ የሚበቃኝን ያህል ለቅሜያለሁ። ክንድዎን ይዘርጉ። ቡጢ ይጨብጡ። ይተንፍሱ። አይንቀሳቀሱ። ትንሽ ያማል። አይዞዎት፣ ሊያልቅ ነው። በዚህ ስፓኒሽ ሰው ወጥቶ ይገባ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ግን ትኬት ለቆረጠላችሁ ሰው "አልችልም" ትላላችሁ? እችላለሁ አልኳት።

ጋሽ ሃብቶም መጀመሪያ እምቢ አሉ። በኋላ የልጃቸውን ፊት አይተው እሺ አሉ። አዲስ አበባ ላሉ የድሮ ጓደኛቸው ደውለው "ሜክሲኮ ልሄድ ነው" ቢሏቸው ሰውየው በደስታ ጮኹ። መቼ ገባህ፣ ሜክሲኮ ምን ትሠራለህ፣ ታክሲ ይዘህ በቀጥታ ቤት አትመጣም እንዴ አሉ። አደባባዩ መስሏቸው ነው። ጋሽ ሃብቶም አገሩን ነው፣ አገሩን ሲሉ፣ ጓደኛቸው አገሩንማ ገብተሃል ሲሉ፣ ሳይግባቡ ስልኩ ተቋረጠ።

ከሳን ሆዜ ተነሥተን፣ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ አውሮፕላን ቀይረን ዋሃካ ገባን። ቤቶቿ ዝቅ ዝቅ ያሉ፣ ቢጫና ቀይ የተቀቡ፣ አየሯም የማያስቸግር ከተማ ናት። ሰላም ፕሮግራም አውጥታለች። ጠዋት ሙዚየም፣ ምሳ ሞሌ፣ ከሰዓት ሙዚየም፣ እራት ሌላ ሞሌ።

መጀመሪያ የጨርቅ ሙዚየም ገባን። የገጠር ሴቶች የሠሩት ጥልፍና ቀሚስ በየግድግዳው ተሰቅሏል። ሰላም ከእያንዳንዱ ሥር ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብላ ታነባለች። አንድ ደማቅ ቀይ ቀሚስ ጋ ስንደርስ ቀይ ቀለሙ ቁልቋል ላይ ከምትኖር ትንሽዬ ተባይ የሚወጣ ነው ብላ አነበበች። እኔ ተደነቅኩ። ጋሽ ሃብቶም ጠጋ ብለው አዩት። "ይለቃል" አሉ። የላውንድሪ ሰው አይደሉ? ከዚያ አግዳሚ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ቀጥሎ የቴምብር ሙዚየም ነበር፤ ወንበሩን ወደዱት። ቀጥሎ የሸክላ ሙዚየም፤ የጥንት ሰዎች የሠሯቸው ሆዳቸው የተነፋ የሸክላ ውሾች ሞልተውበታል። ወንበር አልነበረውም። ስለዚያ ሙዚየም እስከ ዛሬ በክፉ ያነሡታል።

ምግቡስ? ምግቡን ተዉት። እኔ ለሦስት ሰው በላሁ። ቢጫ ሞሌ አለ፣ አረንጓዴ አለ፣ ቀይ አለ፣ ጥቁር አለ። ጥቁሩ ውስጥ ያረረ በርበሬ፣ ሰሊጥ፣ ለውዝ፣ ቀረፋ፣ በመጨረሻም ቸኮሌት ይገባል። ቸኮሌት ወጥ ውስጥ ሲገባ እስከዚያ ቀን አይቼ አላውቅም፤ አሁን ሳይገባ ሲቀር ይገርመኛል። ገበያው ውስጥ ከበቆሎና ከካካዋ የሚሠራ፣ አረፋው እንደ ጠላ አረፋ ከላይ የቆመ መጠጥ በቅል ይሰጣሉ። ወፍጮ ቤቶች አሉ፤ የሚፈጩት እህል ሳይሆን ቸኮሌት ነው፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ መተንፈስ ብቻ ያጠግባል።

በዚህ ሁሉ መካከል ሰላም አትበላም። አባቷን ታያለች። ማንኪያው ወደ አፋቸው ሲሄድ ዓይኗ አብሮ ይሄዳል። "ባባ?" ትላለች። እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ምንም የለም። ፊቷ ይወድቃል። ከዚያ ለቀጣዩ ምግብ እንደገና ታነሣዋለች። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ አንድ ነገር አየሁ። አረንጓዴውን ሞሌ ገፋ አድርገው ተዉት፤ የጥቁሩን ሳህን ግን ጠራርገው መለሱት። ለማይቀምስ ሰው ምርጫቸው ደህና ነበር። ወደ ራሴ ሳህን ተመለስኩ። እንግዳ ነኝ፣ ትኬቴም የሰው ነው።

ገበያ ውስጥ በእኔ ስፓኒሽ ነበር የምንንቀሳቀሰው። አይብ ሻጯን "ቡጢ ይጨብጡ" አልኳት፤ ጠቅልይልኝ ማለቴ ነበር። ጠቀለለችልኝ። ሰላም ከኋላዬ ቆማ ፈገግ ትላለች። ኮርቼ ነበር።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ትልቁ ሙዚየም ሄድን። የድሮ ገዳም ነው፤ ኮሪደሩ ማለቂያ የለውም። ከመቃብር የወጣ የጥንት ወርቅ፣ ዶቃና ዕንቁ አለበት። ሰላም የወርቁ ክፍል ውስጥ ጽሑፍ ማንበብ ስትጀምር ጋሽ ሃብቶም ወንበር ፍለጋ ወጡ። ብዙ ቆዩ። ልፈልጋቸው ወጣሁ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ የቁልቋል አትክልት የሚታይበት መስኮት አለ፤ እዚያ ሥር ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀምጠዋል። ትከሻቸው ይንቀሳቀሳል። የሚያለቅሱ መሰለኝ። ደንግጬ ጠጋ አልኩ።

እየበሉ ነው። በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ጭናቸው ላይ ይዘው እንደ ቆሎ ይቆረጥማሉ። አንበጣ ነበር። ዋሃካ ውስጥ አንበጣ በበርበሬና በሎሚ ተጠብሶ በየበሩ ይሸጣል፤ ስንገባ ገዝተው ኪሳቸው ከተውት ኖሯል።

"ጋሽ ሃብቶም፣ ረቡዕ አይደለም እንዴ? ይሄ ጾም ነው ፍስክ?" አልኳቸው። ሌላ የምለው ስላጣሁ ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ በበረሃ የበላው አንበጣ ቅጠል ነው ሲሉ አባቶች አስተምረውኛል አሉ። እንግዲህ ቅጠል ነው። አንድ ሌላ ቅጠል ከእነ እግሩ አፋቸው ውስጥ ጨመሩ። አኘኩ። ከዚያ፣ ሳያስቡት፣ "ሎሚው በዝቷል" አሉ።

ማኘካቸውን አቆሙ።

"ምን አሉ?"

"ምንም።"

በዚህ መካከል የሙዚየሙ ጠባቂ ሴትዮ መጣች። መብላት ክልክል ነው፤ በየትኛውም ቋንቋ ይገባል። እኔም ካለኝ ስፓኒሽ መርጬ "አይዞዎት፣ ሊያልቅ ነው" አልኳት። ወረቀቱን አየች፤ እውነትም ሊያልቅ ነበር። ራሷን ነቅንቃ ሄደች።

ጋሽ ሃብቶም ወረቀቱን አጥፈው ተናገሩ። ጉንፋኑ ሲይዘኝ እውነትም ጣዕም አልነበረኝም አሉ። ያን እሑድ ሰላም ምግብ አምጥታ "እንዴት ነው?" አላለችኝም። ምን ብላ ትጠይቀኛለች? እፎይ አልኩ። ጣዕሙ ሲመለስ ልነግራት ነበር። ግን ከነገርኳት እንደገና ልትጠይቀኝ ነው። እኔም ጥሩ ነው ልል ነው። እሷም ዓይኔን አይታ ውሸቴን ልታውቅ ነው። ዝም አልኩ። ዝም እንዳልኩ ሐኪም መጣ፣ ማሽን መጣ፣ አሁን ደግሞ ሜክሲኮ መጣ አሉኝ።

"ልጅቷ እኮ ሊሞቱባት መስሏታል" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉ። ቁልቋሉን ትንሽ አዩት። "እናቷን ነው ድስት ውስጥ የምትፈልጋት፣ ጽጌ። እዚያ የለችም ብዬ እኔ ልንገራት?"

ወረቀቱ ውስጥ የቀረውን አንዱን አንሥቼ ቀመስኩ። ሎሚው በዝቷል። ሰላም ከወርቁ ክፍል ስትወጣ ሁለታችንም ተነሣን። ከመነሣታችን በፊት ለማንም አልናገርም ብዬ ቃል ገብቼላቸው ነበር፤ እሷ እጃቸውን ይዛ ቀስ እያለች ደረጃ ስታወርዳቸው ግን ቃሌ ከበደኝ።

በማግስቱ የመጨረሻው ተስፋ ነበር። ሰላም ከከተማው ወጣ ብላ የምትኖር አንዲት ሴት ቤት የማብሰያ ትምህርት አስይዛለች። ሴትየዋ ዶኛ ኦፌሊያ ይባላሉ፤ ዶኛ እንደ እኛ እትዬ ነው። አጭር፣ ወፍራም፣ ቁጡ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ከሰል አቀጣጥለው፣ ትልቅ የሸክላ ድስት ጥደው ጠበቁን። ጥቁሩን ሞሌ ነው የሚያስተምሩት። በርበሬው ይጠበሳል፤ ፍሬው ደግሞ ለብቻው ከሰል እስኪመስል ያርራል። ጭሱ ሲነሣ ሁላችንም እያሳልን ወደ አጥሩ ሸሸን። ዶኛ ኦፌሊያ ብቻ አልተነቃነቁም። ጋሽ ሃብቶም ጥላ ሥር ወንበር ተሰጣቸው፤ መደገፊያ ነበረው።

ሰላም ሁሉንም እንደ ሥራዋ ያዘችው። ትመዝናለች፣ ስልኳ ላይ ትጽፋለች፣ ፎቶ ታነሣለች፣ እንደገና ትመዝናለች። እጇ እስከ ክርኗ ጠቁሯል። ዶኛ ኦፌሊያ ለረጅም ጊዜ አዩዋትና አንድ ረጅም ነገር ተናገሩ። ሰላም ወደ እኔ ዞረች። ከተናገሩት የገባኝ ሁለት ቃል ነው፤ ስልክና ፍርሃት። ፊታቸውም የምስጋና ፊት አልነበረም።

"ጎበዝ ናት ይሉሻል" አልኳት።

ሰላም ሣቀች። እንደዚያ አላሉም አለችኝ፣ በእንግሊዝኛዋ። ያሉት፣ ይህች ልጅ ስልኳን እንጂ ድስቱን አታይም፣ ምግቡን እየፈራች ነው የምትሠራው፣ ማን ነው ያስፈራራት ነው። እኔ ክው አልኩ። ኦክላንድ ነው እኮ ያደግኩት አለችኝ፤ ትምህርት ቤትም ተምሬዋለሁ፣ ጓደኞቼም የሚናገሩት ነው። አይብ ሻጯ ትዝ አለችኝ። ጠባቂዋ ትዝ አለችኝ። ያን ሁሉ ቀን ይህች ልጅ ከኋላዬ ቆማ ፈገግ ስትል የነበረው ለካ!

"ታዲያ እኔን ለምን አመጣሽኝ?"

አባቷን አየቻቸው። "ለአማርኛ" አለች። "ባባ ሲያወራ ግማሹ ያመልጠኛል።"

ይህን ስትል ዶኛ ኦፌሊያ ድስቱን አማስለው፣ ሰላም ከሠራችው በማንኪያ ጨልፈው፣ እኛን ሳያማክሩ በቀጥታ ለጋሽ ሃብቶም ሰጡ። ሰላም እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጋሽ ሃብቶም ቀመሱ። ልጃቸውን አዩ። ዓይኗ ከጭሱ የተነሣ ቀልቷል፣ ግንባሯ ላይ ጥቀርሻ አለ። "ጥሩ ነው" ሊሉ ይችሉ ነበር። ራሳቸውን ነቅንቀው ዝም ማለትም ነበረላቸው፤ ለምደውታል።

"ሞሌ ነው" አሉ ቀስ ብለው፤ "ግን አሞሌ የለውም።"

ሰላም ወደ እኔ ዞረች። "አሞሌ ምንድን ነው?"

እነሆ፣ ያመጣችኝ ሥራ መጣ። ቃል ገብቻለሁ። ጎበዝ ናት ብዬ ማምለጥ ደግሞ አሁን ተሞክሮ ከሽፏል። ጋሽ ሃብቶምን አየኋቸው። መሬቱን አላዩም፣ እኔንም አላዩም፤ እሷን ነው የሚያዩት።

"ጨው ነው" አልኳት። "ጨው የለውም ነው የሚሉሽ።"

ልጅቷ ቆማ ቀረች። "ጨው?" አለች። "ባባ፣ ጨው እንደሌለው ታወቀህ?" እሳቸውም "አዎ" አሉ። አንድ ቁንጢጥ ጨመረች። ሰጠቻቸው። "ትንሽ" አሉ። ጨመረች። "ትንሽ።" ስልኳን የት እንደጣለችው አላውቅም፤ እንባዋ እየወረደ በባዶ እጇ ነበር የምትጨምረው። ዶኛ ኦፌሊያ ምን ሆነች ብለው በዓይናቸው ጠየቁኝ። ካለኝ ስፓኒሽ የሚስማማው "ትንሽ ያማል" የሚለው ብቻ ስለነበር እሱን አልኳቸው። በመጨረሻ ጋሽ ሃብቶም "በቃ፣ አሁን ሆነ" አሉና ሳህናቸውን አቀረቡ። ሁለት ጊዜ አስጨመሩ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ኦክላንድ ገባ። ሞሌ ምላስ ያድናል ተባለ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሰዎች እያስቆሙ ይጠይቋቸዋል፤ እሳቸውም የእግዚአብሔር ሥራ ነው ይላሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ጫማዬን አያለሁ። አንዲት ሴት ባለቤቷ የሷን ምግብ መብላት እንዳስጠላው ነግራኝ የዶኛ ኦፌሊያን አድራሻ ጠየቀችኝ። ባሏ ጉንፋን ይዞት እንደነበር ጠየቅኳት። አልያዘውም አለች።

ሰላምም እሑድ እሑድ መምጣቷን ቀጠለች። አሁን "እንዴት ነው?" ስትላቸው እውነቱን ይነግሯታል። ሽንኩርቱ ይቅላ ይሏታል፣ ታቀላዋለች። ጨው ይሏታል፣ ትጨምራለች። አንዳንዴ በነገሩ ይጣላሉ፤ እሳቸው በትግርኛ፣ እሷ በእንግሊዝኛ፤ እኔ ላይ ቤት ሆኜ እሰማለሁ። ክብደታቸው ተመለሰ፣ መጋረጃ የመሰለው ሱሪ ሞላ።

ሐኪማቸው ግን ሲያያቸው ስለ ክብደቱ ደስ አለው፣ የደም ግፊታቸውን ለክቶ ደነገጠ። ጨው የሚባል ነገር በአጠገብዎ እንዳያልፍ አላቸው።

በቀጣዩ እሑድ ምሳ ጋብዘውኝ ታች ወረድኩ። ሰላም ዝግኒ ሠርታ መጥታለች። ሽንኩርቱ ያማረ ነው፣ ቀለሙም ያማረ ነው። ጨው የለውም፤ አንዲት ቅንጣት የለውም። እኔ ጎርሼ ዓይኔን ግድግዳው ላይ ተከልኩ። ጋሽ ሃብቶም ጎረሱ። ቀስ ብለው፣ ብዙ አኘኩ።

"እንዴት ነው?" አለች።

"የእናትሽን ይመስላል" አሉ።

ሰላም እጇን ከማዕዱ አነሣችና አየቻቸው። ከዚያ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል ሳትቀላቅል፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ "ባባ፣ ምላስህ ደግሞ ጠፋ እንዴ?" አለች።

ጋሽ ሃብቶም ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። "ጨምሪልኝ" አሉ።